ሁለት ማይክሮፎን፣ አንድ ኮሽታ

ሎርና አዲሱን ማይክሮፎን ከአሮጌው ጎን አቆመችና የቁምሳጥኑን በር ከውስጥ ዘጋች። በአሜሪካዋ ከተማ በሚልዋኪ ባለው አፓርታማዋ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ በተሰቀሉት ካፖርቶች መሃል ተቀምጣ መጻሕፍት በድምፅ መተረክ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን በየቅጂው ላይ ደረቅ ቅጠል የሚረገጥ የሚመስል ኮሽታ ይሰማ ጀመር፤ አሳታሚውም ሁለት ምዕራፍ መለሰባት። ማይክሮፎኑ አርጅቷል ብላ ደመደመች። ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለቱም፣ በእኩል ርቀት፣ ሦስት ሦስት ጊዜ አነበበች። እንደ ልማዷ በየንባቡ መጨረሻ አምስት አምስት ሰከንድ ዝም አለችና ቅጂውን ለድምፅ አርታኢዋ ላከች። ከዚያም ደወለችለት።

"እህሳ ዌንደል፣ ሙሽራውን ማይክሮፎን እንዴት አገኘኸው?"

"ሽማግሌውን ልትፈቺው ነው በይኛ! እስቲ ቆይ፣ ላዳምጠው።"

ጠበቀች። ሲመለስ ቀልዱ ከድምፁ ላይ ጠፍቶ ነበር።

"ኮሽታው በሁለቱም ላይ አለ። በአዲሱ እንዲያውም ብሷል።"

"ገመዱ ይሆናላ!"

"ገመዱ ቢሆን ዝም ስትይም ይሰማ ነበር። ዝም ያልሽባቸውን ሰከንዶች ደጋግሜ ሰማኋቸው፤ ጥርት ያሉ ናቸው። ስትናገሪ ብቻ ነው የሚመጣው። አሮጌው ግማሹን ሲሸፍንልሽ ነው የኖረው፣ እህቴ። የጉሮሮ ሐኪም ጋ ሂጂ።"

ሎርና ልትመልስለት አፏን ከፈተች። እሱ አሁንም እያዳመጠ መሆኑን ስታስብ ግን መልሳ ገጠመችው።

"ሎርና? አለሽ?"

መኖሯን ሊነግረው የሚችለው ያው ኮሽታ ያለበት ድምፅዋ ብቻ ነበር። ስልኩን በቀስታ ዘጋችው።