አንቀመጥም

አዛውንቱ ግቢያቸው ውስጥ ያሉትን ሁለት ቤቶች አንዱን ለእንግሊዛዊ፣ ሌላውን ለአሜሪካዊ ዲፕሎማት አከራይተዋል። ተከራዮቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ሥጋ ሲጠብሱ ግቢው በሳቅ ይሞላ ነበር። መንግሥቶቻቸው በቀረጥ ከተጣሉ ወዲህ ግን ሰላምታ እንኳ አቆሙ።

አዛውንቱን አላስቻላቸውም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አሜሪካዊውን አስከትለው እንግሊዛዊው ሳሎን ገቡ። ወንበር ሲቀርብላቸው እንቢ አሉ።

«እሺ ሳትሉኝ አልቀመጥም! አንድ ቋንቋ እየተናገራችሁ፣ ዘመዳሞች ሆናችሁ! መንግሥትስ ዛሬ ቢጣላ ነገ ይታረቃል፤ ጎረቤት ምን ቆርጦት ይኳረፋል?»

ተከራዮቹ ተያዩ። «እሺ» ተባብለው ተቃቀፉ።

አዛውንቱ መርቀዋቸው፣ ፊታቸው በርቶ ሊቀመጡ ሲሉ ሁለቱም እንደቆሙ ቀሩ።

«ጋሼ» አለ እንግሊዛዊው በአማርኛ፣ «ከአጥሩ ማዶ ካሉት ወንድምዎ ጋር እታረቃለሁ ካላሉን እኛም አንቀመጥም።»

ወዲያው የጓዳው በር ተከፈተና፣ ያኮረፏቸው ታናሽ ወንድማቸው ብቅ አሉ።

«በከንቱ አይልፉ ወንድም ጋሼ! እኔንም ዛሬ ጠዋት ሁለቱ አብረው መጥተው፣ እንዲሁ ቆመውብኝ ነው እሺ ያሰኙኝ።»