ማሳኤ በዜና ሰዓት

የምሽቱ ዜና ሊጀምር ሲል ማሳኤ ባሏን ከቤት ታስወጣለች። ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን የሐር ኪሞኖዋን ትለብሳለች፣ ከንፈሯን ቀለም ትቀባለች። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ትቀመጣለች። ስድሳ ዓመት አልፏታል።

«በል ውጣልኝ» ትለዋለች። «ሲያልቅ እጠራሃለሁ።»

ቶኩጂ ይወጣል። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድና ቤተሰቡ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው እንዲህ እሺ ማለቱ ለራሱም ይገርመዋል። ግን ልጃቸው ሚኖሩ ከአባቱ ተጣልቶ ወደ ቶኪዮ በመርከብ ከሄደ ወዲህ፣ በዚያ ቤት የልጁ ስም ተነሥቶ አያውቅም፤ ማሳኤም ሣቅ የሚባል ነገር ረስታ ነበር። አሁን ፊቷ ሲፈካ ሲያይ ሆዱ ይባባል።

ደሴታቸው ቺቺጂማ ከቶኪዮ በመርከብ ከአንድ ቀን በላይ ታስኬዳለች። ባለፈው ዓመት የስልክ መሥሪያ ቤቱ አንድ ትልቅ የሳተላይት ሳህን ተከለና ሕዝቡ በሰማይ በኩል ከዘመዶቹ ጋር ማውራት ጀመረ። ማሳኤም ሄዳ ሰው ሲያወራ ስታይ ውላ ተመለሰች። የምትደውልበት ቁጥር አልነበራትም።

ዘንድሮ ደግሞ ትንንሾቹ ሳህኖች መጥተው በየጣሪያው ላይ ወጡ። ቴሌቪዥን ደሴቲቱ ላይ ገባ። ባለሙያው የእነቶኩጂን ሳህን አስተካክሎ ሲወርድ ማሳኤ ሻይ እየቀዳችለት ጠየቀችው።

«ቶኪዮ ያሉትስ ይህንኑ ነው የሚያዩት?»

«ይህንኑ፣ እማማ። በተለይ የምሽቱን ዜና በዚህ አገር የማያይ ሰው የለም።»

በማግስቱ ኪሞኖው ከሣጥን ወጣ።

ወሬው ጊዜ አልፈጀም። ጎረቤቱ ካንጂ የባሕር ኤሊ ወጥ ሠርቶ ቶኩጂን ጠራውና፣ ሁለት ብርጭቆ ካስጠጣው በኋላ ጀመረው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሚስትህን ተነጠቅክ እኮ።»

«በማን?»

«በዜና አንባቢው ነዋ። ሴቶቹ በመስኮት አይተዋታል። እሱ ለሰላምታ ጎንበስ ሲል እሷም ጎንበስ ትላለች። ከዚያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል አሉ፣ ታወራዋለች።»

«ዝም በል።»

«ምን ታደርግ፣ እሱ ክራቫት አለው። አንተ የዓሣ ቅርፊት አለህ።»

ካንጂ ሣቀ። ቶኩጂ አልሣቀም። ነገሩ የሞኝ ወሬ እንደሆነ ያውቃል፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀውም። አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ለእሱ አንድ ቀን እንኳ ከንፈሯን ቀብታ አታውቅም። ሌላው ሁሉ ሄዶበታል፤ እሷም ከሄደች በዚያ ቤት ምን ቀረው? ይህን ሲያስብ እንባው መጣበት።

በማግስቱ ማሳኤ ወደ ገበያ ስትወጣ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረውና ወረደ።

ምሽት ላይ እንደተለመደው አስወጣችው። ከፓፓያው ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ምስሉ የለም፣ ሰውየውም የለም፤ አሁን ተናዳ ትጠራኛለች፣ ኪሞኖዋን አውልቃ ራት ታቀርባለች ብሎ ነበር። አልጠራችውም።

ተጠግቶ በበሩ ስንጥቅ አየ። ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመስ ነጭ ብናኝ ብቻ ነው ያለው። ማሳኤ ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ ለዚያ ባዶ ብናኝ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ጉንጮቿ ረጥበዋል። ማውራት ጀመረች።

ቶኩጂ ከስንጥቁ ቀና አለ። ሰውየው በሌለበት እንኳ የምታወራው ከሆነ፣ ፍቅሩ የማይነቀል ነው ማለት ነው። ገብቶ ቴሌቪዥኑን ሊሰባብረው አሰበ። እጁን በሩ ላይ አድርጎ፣ ምን እንደምትለው ቢያንስ ልስማ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ሚኖሩ ልጄ፣ ዛሬ እኔ ምንም አይታየኝም፤ አንተ ግን የምታየኝ ከሆነ፣ አባትህን አስወጥቼዋለሁና አትፍራ፣ ያለህበትን ብቻ ንገረኝ።»