«ማዘር አርጅታለች... እንቀይራት»

«ማዘር አርጅታለች ሌንጮ... ከዚህ በኋላ አትሆነኝም።»

አዴ ውባየሁ የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ያጣጠፉትን ልብስ እንዳቀፉ በሩ ጋ ቆሙ።

ልጃቸው ፍሮምሳ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ በስልክ እያወራ ነው።

«ትንሽ ከሠራች ይሞቃታል... ከዚያ ቀጥ ትላለች።»

«አዲስ ነገር ብታመጣላትም አትቀበልም... የድሮ ናት በቃ።»

«በዚህ ዕድሜዋ እሷ ላይ ብር ማፍሰስ ኪሳራ ነው። ጉደር የሚወስዳት ካለ በነፃ ልስጣት።»

ፍሮምሳ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጀምሮ እናቱን «ማዘር» ነው የሚላቸው።

አዴ ውባየሁ ደግሞ ጉደር እህት አለቻቸው...

ምን ይቀራል? ሁሉም ነገር ገባቸው።

አባቱ ካረፉ በኋላ አምቦ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቤት ብቻቸውን ያሳደጉት ልጅ ነው። ያን ጊዜ በሩን ከፍተው «ምን እያልክ ነው?» ቢሉት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር።

እናት ናቸውና ዋጥ አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ ቢደክማቸውም ቁጭ አይሉም። ግፊት አለባቸው... ሲያዞራቸው ግድግዳ ይዘው ያሳልፉታል። «ይሞቃታል» እንዳይባሉ ላባቸውን ፈጠን ብለው ይጠርጋሉ።

ፍሮምሳ ምኑንም አላየም። ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ክፍሉን ይዘጋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዴ ውባየሁ ልብሳቸውን ሸክፈው ወደ መናኸሪያ ወጡ። ልጄ ከሚያስወጣኝ ራሴ ልውጣለት ብለው ነው።

መናኸሪያው አጠገብ የሌንጮ ኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለ። ሌንጮ የፍሮምሳ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ያን ቀን በስልክ ሲያወራው የነበረውም እሱው ነው።

«አዴ ውባየሁ፣ አካም ጅርቱ? በሻንጣ ወዴት ነው?»

«ጉደር።»

«በሰላም?»

«አንተ ታውቀው የለ... ከልጄ ጋር ስትመካከሩ የነበረው አንተ አይደለህም? አንተን እናት አልወለደችህም?»

ሌንጮ ግራ ገባው። «ስለ ምንድን ነው የተመካከርነው?»

«ስለ ማዘር። አርጅታለች... ይሞቃታል... ጉደር ትሂድ አላላችሁም?»

ሌንጮ አሁን ነገሩ ገባው። ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ ዓይናቸው እንባ መሙላቱን ሲያይ ግን አፈነው።

ሻንጣውን ተቀብሎ ሱቁ ውስጥ አስቀመጣቸውና ለፍሮምሳ ደወለ። «አሁኑኑ ና» ብቻ ነው ያለው።

ፍሮምሳ በባጃጅ እየበረረ መጣ። እናቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሻንጣው እግራቸው ሥር ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የራሱ የፍሮምሳ ኮምፒውተር ሆዱን ተከፍቶ ተኝቷል።

ሌንጮ ከውስጡ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ ነቅሎ እጃቸው ላይ አኖረላቸው።

«ማዘር ይቺ ናት አዴ። ሙሉ ስሟ ማዘርቦርድ ነው... እኛ ሠራተኞቹ ግን ማዘር ነው የምንላት።»

ነገሩ እንዲህ ነው...

ፍሮምሳ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መርጦ የጌም ኮምፒውተር ሊገጣጥም ሲያጠራቅም ከርሟል። ያለችው ብር ግን አልበቃ አለችው። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ቢገዛ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ አይችለውም። ፓወር ሰፕላዩን ቢቀይር ለራም አይተርፈውም። ሁሉንም እንደምንም ቢያብቃቃ ደግሞ የድሮዋ ማዘር አዲሱን ፕሮሰሰር አትቀበልም። ጉደር ያለ አንድ ተማሪ ነበር ለመለዋወጫ የሚፈልጋት።

አዴ ውባየሁ ሰሌዳዋን ገልበጥ አድርገው አዩዋት።

«ለምን ማዘር አሏት?»

«ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካው እሷ ላይ ነው። እሷ ከሌለች አንዱም አይሠራም።»

«ምስኪን... እና በነፃ ነው የምትሰጧት?»

ሌንጮ እዚህ ጋ ሳቁ አመለጠው።

ፍሮምሳ ግን አልሳቀም። እናቱ ፊት በርከክ አለ።

«ማዘር... ስለ አንቺ እንደዚያ የማወራ መሰለሽ? እንዴት አመንሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ኢልማ ኮ... ልጄ። ስትገባ በርህን ትዘጋለህ። ስትወጣ 'ቻው ማዘር' ነው። ያን ቀን ስለ ማዘር ረጅም ወሬ ስታወራ ሰማሁ... ወደ በሩ የተጠጋሁት እኮ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነው።»

ፍሮምሳ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሌንጮም ዞር ብሎ ንጹሕ ስክሪን መወልወል ጀመረ።

ከዚያ ለመሄድ ሲነሡ ግድግዳ መያዛቸውን ፍሮምሳ አየና ቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ ነበር... ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ዛሬ ሌላ ዓይነት ታሪክ ነበር የምጽፍላችሁ።

«ኮምፒውተሩስ?» ለምትሉኝ የጌም ሱሰኞች... ተገጥሟል፣ ይሠራል። የድሮዋ ማዘር ግን ጉደር አልሄደችም። አዴ ውባየሁ አሻፈረኝ ብለው ቡፌው ላይ ዳንቴል አንጥፈው አስቀምጠዋታል።

ቤተሰቦቼ... ፍሮምሳ ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን ይወዳል። ችግሩ መውደዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

የማሽን ሙቀት በዲግሪ እየተከታተልን የእናታችንን ድካም ካላየን ምኑን አየን? ስናወራው የማንውል ሰው ከበር ጀርባ የሰማውን ክፉ ወሬ ሁሉ ስለ ራሱ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ፍቅር በሆድ ብቻ ሲያዝ ለሌላው ዝምታ ነው... በአፋችን እንንገራቸው።

እስቲ ሳትዋሹ መልሱልኝ...

ከእናታችሁ ጋር፣ ያለ ምንም ጉዳይ፣ እንዲሁ ለጨዋታ ብላችሁ የተቀመጣችሁት መቼ ነበር? ያን ቀንስ ምን አወራችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።