የአራስ ቤት በር

ዘነበች የገንፎውን ሳህን በነጠላዋ ሸፍና ከልጇ ደጃፍ ብትደርስም በሩ አልተከፈተላትም፤ የእጇ አምባር ቀይ ነው። አምባሩ ሰውነት በሕመም ወይም በጉዳት ሲቆጣ በደም ውስጥ የሚጨምረውን ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ይለካል፤ ሲበዛ ይቀላል። በሕጉ መሠረት ሰውነቱ የተቆጣ ሰው አራስ ቤት አይገባም።

ልጇ ምሕረት ሕፃኑን ታቅፋ ከመስታወቱ ጀርባ ቆመች።

«ዛሬም ቀይ ነው እማዬ?»

«ዛሬም። ሐኪሙ በሽታ የለብሽም፣ ሐዘን ነው ብሎኛል።»

«ታዲያ የሰጠሽን ክኒን ዋጪዋ። ያቺ ነገረኛ ጎረቤቴ እንኳ ገብታ አቅፋዋለች። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

ክኒኑ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። ዘነበች ግን ታውቀዋለች። እናቷ የሞተች ጊዜ ውጣው ነበር፤ በሳምንቱ አምባሯ አረንጓዴ ሆነ፤ የእናቷንም ሞት እንደ ሩቅ አገር ወሬ ታወራው ጀመር። እንባው ከዚያ ወዲያ ለእናቷ አልመጣም። አሁን የሞተው ባሏ ጌጡ ነው፤ የመቃብሩ አፈር ገና አልደረቀም።

ሕፃኑ አዛጋ። አፉ የጌጡ አፍ ነው። ዘነበች ቋጠሮውን ፈታች።

«እሺ፣ እውጠዋለሁ። አባትሽን ግን አንቺ አልቅሺለት። በአርባው ዓይኔ ደርቆ ብታዪኝ እንዳትታዘቢኝ።»

«እኔማ በሞተ ማግስት ውጬዋለሁ» አለች ምሕረት፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ ሁሉ። «ባልውጥ ልጄን መቼ ይሰጡኝ ነበር?»

ዘነበች የልጇን ደረቅ ዓይን አየች። ሳህኑን ደረጃው ላይ አስቀመጠች፤ ክኒኑንም መልሳ ቋጠረችው።

«ሳይበርድ ብዪ» አለቻትና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ለጌጡ የሚያለቅስ ሌላ ሰው አልቀረም።