ሰው የሌለበት እሑድ

ዓለምን ያለ ረዳት የፈጠረ፣ ሰው ግን ያለ ረዳት ይኖር ዘንድ ያልወደደ አምላክ ስሙ ይክበር። እኛን ተናጋሪዎቹን ከሐሰት፣ እናንተን ሰሚዎቹን ከችኩል ፍርድ ይጠብቅ።

ከላስ ቬጋስ ርቃ በበረሃው መካከል በምትገኝ አንዲት መንደር አነስተኛ የቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ነበረች። አስካል የተባለች ሴት ብቻዋን ትከፍታታለች፤ ብቻዋንም ትዘጋታለች። በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት የክትባት ወረፋ የሚያዘው በኮምፒውተር ስለ ነበር፣ የመንደሪቱ አረጋውያን ሁሉ ደጇን ይጠኑ ነበር። እርስዋም የቅርንጫፊቱ አባላት እንዲበዙ በማለት ለምታውቃቸው ሐበሾች ሁሉ፣ እንግሊዝኛ ለማያነቡት እንኳ ሳይቀር፣ የአባልነት ካርድ አውጥታላቸው ነበር።

በዚያው ዓመት አለቆቹ አዲስ ሐሳብ አመጡ። ቅርንጫፊቱ እሑድ እሑድ ያለ ሠራተኛ ትከፈት፤ አባል የሆነ ካርዱን አስነክቶ ይግባ፤ በሩን ካሜራ ይጠብቀው አሉ። በሙከራው ወራት ሥርዓቷ ካልተጓደለ፣ በሌላውም ቀን ሠራተኛ አያስፈልጋትም። የሠራተኞች ማኅበር አጥብቆ ተቃወመ። ፍርዱ ለቤተ መጻሕፍቱ የበላይ ቦርድ ተተወ።

የማኅበሩ ተጠሪ ስምዖን፣ እዚያው አሜሪካ የተወለደ ጎልማሳ፣ ለአስካል ደወለላት።

«አስኩ፣ ሰኞ ስትገቢ ምንም ክሊን አታድርጊ። ፎቶ ብቻ አንሺ። ቆሻሻው ራሱ ለእኛ ያወራል።»

«መጽሐፍ መሬት ወድቆ እያየሁ ዝም ልበል?»

«ሥራሽን ከፈለግሽ፣ የስ፣ ዝም በይ።»

አስካል ከእናቷ ከወይዘሮ ብርቅታይት ጋር በከተማው አጠገብ ፓራዳይዝ በተባለ ሰፈር ትኖር ነበር። ወይዘሮ ብርቅታይት ካዚኖዎቹ በወረርሽኙ እስኪዘጉ ድረስ የሆቴል ክፍል ያጸዱ ነበር፤ በሮቹ ሲከፈቱ ግን ተመልሰው አልተጠሩም። ልማዱም አልለቀቃቸውም። አንሶላውን እንደ ከበሮ ወጥረው ያነጥፋሉ፤ በመታጠቢያ ቤቱም የሶፍቱን ጫፍ በሆቴሉ ሥርዓት በሦስት ማዕዘን ያጥፋሉ።

«እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛው ቪአይፒ ሊያርፍ ነው?» ትላቸዋለች።

«አንቺ ነሻ! ቲፕሽን ግን አይቼው አላውቅም» ይሏታል።

አስካል የማኅበሩን ሙግት ልትዘረዝርላቸው አልወደደችም፤ የራሳቸው ሥራ ማጣት ይበቃቸዋል ብላ።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቁሯል» ሲሏት፣

«እሑድ እሑድ ቤቱ ያለ እኔ ይከፈታል፤ ሰኞ ኢንስፔክሽን አለ» አለች በአጭሩ።

ወይዘሮ ብርቅታይት አማተቡ። «ኢንስፔክሽን! ስንቷ በአንድ ፀጉር ተባረረች! አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ። በጸሎት እይዝሻለሁ።»

እሑድ ደረሰ። እናቷ ከቅዳሴ በኋላ በጎረቤታቸው በደመቀች መኪና በሽተኛ ጥየቃ ሄዱ፤ አስካልም ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትቆዝም ዋለች።

ሰኞ በሩን ከፈተች። ወንበሮቹ ከጠረጴዛው ሥር ገብተዋል፤ ጠረጴዛው ተወልውሏል፤ የቆሻሻው ከረጢት ተለውጧል። የተነበቡት መጻሕፍት ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ ሆነው ተደርድረዋል። ያነሳችው ፎቶ ለአለቆቹ የሚመሰክር ሆነ።

አንድ አረጋዊ በትራቸውን ተደግፈው ገቡ።

«ትናንት መጥቼ ነበር» አሉ። «ማሽኑ ፊት ተቀምጬ ዋልሁ። የሚያሳየኝ አጣሁ። ወረፋው አለፈኝ።»

ይህን ፎቶ ልታነሳው አልቻለችም።

በሚቀጥለውም ሰኞ እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አስካል የመጻሕፍቱን ክምር ለስምዖን አሳየችው።

«በመጠን ደርድሮ የሚሄድ አንባቢ የለም» አለችው። «ይህ የጽዳት ሰው እጅ ነው።»

«ጌቱ ነዋ! በድብቅ ክሊነር እየላከ ነው!»

ጌቱ በግሪን ቫሊ ሰፈር የሚኖር፣ ያለ ሠራተኛ የመክፈቱን ሐሳብ ያመነጨ አለቃ ነበር። ማኅበሩ የካሜራው ምስል እንዲታይ ጠየቀ። «የአንባቢን ምስጢር አንገልጥም፤ የገቡት ጭንብል ያጠለቁ አባላት ብቻ ናቸው» የሚል መልስ ከጌቱ መጣ። ጥርጣሬው ጸና።

አስካል በመኪና ማቆሚያው ጠብቃ ያዘችው።

«ጋሽ ጌቱ፣ እሑድ የሚያጸዳውን ማን ላከው?»

«ማንንም አልላክሁም። እንግዲህ ሠራተኛ በሌለበት ነው የሚጸዳው ማለት ነው!» ብሎ ሳቀባት።

«በመድኃኔ ዓለም ይምላሉ?»

ሳቁን ተወ። «በመድኃኔ ዓለም! አልላክሁም።»

ስሙን ጠርቶ በሐሰት ማለ ብላ በልቧ ፈረደችበት። ሰላምታም ነሳችው።

ቦርዱ በስክሪን ተሰበሰበ። አረጋዊው ስለ አለፋቸው ወረፋ ተናገሩ፤ ተመሰገኑ። ስምዖን ድምፁ እስኪዘጋ ተከራከረ። ከዚያ ጌቱ አስካል ራስዋ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየ። ጽዱ ናቸው። ቅርንጫፊቱ ሠራተኛ አያስፈልጋትም ተብሎ ተፈረደ።

ከፍርዱ በኋላ በነበረው ሰኞ አስካል ቁልፏን ልታስረክብ ሄደች። ቤቱ እንደ ወትሮው ጸድቶ ነበር። ጌቱ ተቀበላት።

«አስካል፣ ስለ እውነት፣ ማንንም አልላክሁም» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

እንባዋን ልትታጠብ ፈለገች። የሠራተኛውን ክፍል ቁልፍ አስረክባ ስለ ነበር፣ ገብታበት ወደማታውቀው ወደ አንባቢዎቹ መታጠቢያ ቤት ገባች። ዓይኗን ለማበስ እጇን ወደ ሶፍቱ ዘረጋች።

ጫፉ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ነበር።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ የእጃችሁን ሥራ ለምትወዱት ሰው በጎ ያድርግላችሁ፤ አሜን።