ካፒቴን ኢሊያስ ያየው ዓሣ ነባሪ

የባሕር ወሬው ባይኖር ኖሮ ኢሊያስ ሪሀናን ለማግባት ምንም አይቸገርም ነበር። ድምፁ ጠፍቶ ከርሞ፣ ከስቶና ጠቁሮ ሶዶ የገባ ዕለት፣ የት እንደነበር ለመናኸሪያ ጓደኞቹ በወላይትኛ አወራላቸው። ወሬው በአማርኛ ተተርጉሞ ገበያ ሲደርስ በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ አቋርጧል የሚል ሆነ። ገበያውም አላመነም፤ «ካፒቴን» ብሎ ስም አወጣለት።

አባቱ አቶ ጀማለዲን በቃላቸው ብቻ የጅምላ ዕቃ የሚለቀቅላቸው ነጋዴ ናቸው። ያን ስም በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ።

የሪሀና አባት ሐጂ አንዋር ሽማግሌ ከመቀበላቸው በፊት ልጁን ሊፈትኑት አቶ ጀማለዲን ሱቅ ድረስ መጡ። እሳቸው እንኳ ባሕር ያዩት ሐጅ ሲሄዱ፣ ያውም ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ለውሸታም ግን ልጃቸውን አይድሩም።

ሱቁ ሞልቷል። ፈጠነች የምትባል ከሻንቶ ከተማ የመጣች ሴት ጥጉ ላይ ቆማለች። አቶ ጀማለዲን «ምን ልስጥሽ?» ቢሏት፣ «ግዴለም፣ እሱ ይጨርስ» አለች። ነጻ ትርኢት ማን ይጠላል?

«እሺ ካፒቴን፣ ምን ምን አየህ?» አሉ ሐጂ አንዋር።

«ዓሣ ነባሪ። አጠገባችን ወጥቶ ተነፈሰ። በአንድ ዓይኑ አተኩሮ አየኝ። አፈርኩ።»

«ዓሣ አይቶህ አፈርክ?»

ሰው ሳቀ።

«ሸራውስ ምን ዓይነት ነበር?»

«ሰማያዊ ላስቲክ።»

«ሽንኩርት የምናሰጣበት ዓይነት! ሌላስ?»

«ትልልቅ ዓሦች ከኋላ ከኋላችን ይከተሉን ነበር። ለምደውን።»

«ምን እያበላችኋቸው?»

ኢሊያስ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

«እናንተስ ምን ትጠጡ ነበር?»

«መጨረሻ ላይ ከዚያው ከውሃው።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። የባሕር ውሃ እንደማይጠጣ ሕፃን ያውቃል። አቶ ጀማለዲን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። እፍረቱ ሲበዛባቸው መላ መጣላቸው።

«ሐጂ፣ ቋንቋ ነው ያሳሳተን» አሉ። «በወላይትኛ ሐይቁም ‹አባ› ነው፣ ባሕሩም ‹አባ› ነው። ልጁ እዚሁ አባያ ሐይቅ ዓሣ ሲያጠምድ ነው የከረመው። ዓሣ ነባሪ ያለውም ጉማሬ ነው። የሚጠጣ ውሃ፣ የገበያ ሸራ፤ ሌላ ምን ይሆናል? አይደለም እንዴ ኢሊያስ?»



«አዎ» አለ ኢሊያስ መሬት መሬቱን እያየ። «አባያ ነበርኩ። የባሕሩን ወሬ ዋሽቼ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ሐጂ አንዋር ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ዓሣ ማጥመድ ምን ነውር አለው? ውሸቱ ነው ነውሩ። ካፈርክ ደግሞ ሰው ትሆናለህ። በሉ፣ እሑድ ሽማግሌ ላኩ።»

ሰው እየሳቀ ተበተነ። አቶ ጀማለዲን ላባቸውን ጠረጉ። ልጃቸው ውሸታም መባሉ ቢያንገበግባቸውም ጋብቻው ተርፏል።

ፈጠነች ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«አሁንስ ምን ልስጥሽ?» አሏት።

እሷ ወደ ኢሊያስ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው፦ «አብሮህ የሄደውን ልጄን፣ አድነውን፣ ባሕሩ ውስጥ ስትጥሉት፣ ነፍሱ ወጥታ ነበር?»