ሳይበስል የወጣ ጎደሬ

እህቱ ሆሳዕና በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ትኩስ ጎደሬ ስትዘረጋለት፣ ቲቶ ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም። በአባታቸው የቡና መሬት ከተካሰሱ ወዲህ ደጁን ረግጣ አታውቅም። ዛሬ ምን አመጣት?

"እሁድ የጌታ እራት አለ። ከአንተ ጋር ተጣልቼ እንዴት እወስዳለሁ?" አለችው ከበሩ ውጭ እንደቆመች። መሬት የሚለኩ ሰዎች በዚሁ ሳምንት ከሚዛን ከተማ እንደሚመጡ ግን አላነሳችም። እሱ ግን አልረሳውም።

"አንቺስ አትበዪም?"

"እኔ ቤት ቀማምሼ ነው የመጣሁት። ብላ እንጂ!"

አልበላም ቢል ፈራ ሊባል ነው። ትንሽ ቆርሶ፣ ማባያውን ዳጣ እንኳ ሳያስነካ ዋጠ። ወዲያው ጉሮሮውን ይበላው ጀመር፤ ምላሱ ሥር እሳት የገባ ይመስል ቆጠቆጠው። መርዝ አበላችኝ! ሊጮህ አፉን ሲከፍት፣ ይህን ማሳከክ የት እንደሚያውቀው ትዝ አለው። ልጅ ሳለች ጎደሬ የመቀቀል ተራ ሲደርሳት ቸኩላ ታወጣውና ቤተሰቡ በሙሉ ጉሮሮውን ሲያክ ያመሽ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ሳይበስል አወጣሽው?"

"ውሸትህን ነው!" ብላ ከእጁ ነጥቃ ገመጠች። አላመጠች፣ ዋጠች፣ ቆይታም ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ጉሮሮዋን እያከከች ሳቋ አመለጣት።

ቲቶ ዘወር ብሎ በሩን ለቀቀላት።

"ግቢ" አላት፤ "እሳቱ አልጠፋም። ደግመን እንቀቅለው።"